ቤት መምታት

አዘጋጁ ወሰንየለህ፣ ቁራጭ ሲጋራውን በመስኮት ጥሎ፣
«ስድስት መቶ ቃል፣ ለሐሙስ» አለኝ፣ «ኮከቡን እንዳትረሳ» ብሎ።

የእንግሊዝ ራፕ ነው፤ አንድ የደቡብ ለንደን ልጅ የሠራው፤
ስሙ «ሰባተኛ ፎቅ»፤ ሊፍቱ ዓመት ሙሉ የማይሠራው፣
ሻጋታው ከግድግዳ ወርዶ የሕፃን ሳንባ የገባ፣
እናት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ከነዘንቢሏ የምታነባ።
ማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ «ልቀቁ» ያለው ሕንፃ፤
«ሌላ ሰፈር ቦታ አለ፤ ማጓጓዣውም በነፃ።»

የለንደን ሐያሲያን የጻፉትን አስቀድሜ አንብቤያለሁ
(ኩረጃ አይባልም መቼም፤ ዝግጅት ነው እላለሁ)።
አንዱ «ስብከት ነው» ይላል፣ «ምሥባክ እንጂ ሙዚቃ አይደለም»፤
ሌላው «የትውልዱ ድምፅ!»፤ ሦስተኛው «ቁጣው ገና አልበሰለም»።
አራተኛዋ ግን፣ ብዕሯ እንደ ወስፌ የሾለ፣
«አምስተኛው ትራክ ላይ» አለች፣ «ቤት አመታቱ ዛለ።»
ይህቺን ወደድኳት። ደብተሬ ላይ ገለበጥኳት፦
«ቤት አይመታም»። ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

የምኖረው እሪ በከንቱ ነው፤
ስሙን ያወጣው ሰው ሐያሲ ሳይሆን አይቀርም።
ማዳመጫዬ በቀኙ ይሰማል፤ ግራው ሽቦው ሲቆነጠጥ ብቻ፤
የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ያፌት ያዘልኝ፤ ሳጥን ላይ ተቀመጥን ለብቻ።
ስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛው እንደ መብራታችን፣
መጥቶ ይሄዳል።
አምስተኛው ላይ ክርኔን ነካ አደረገኝ።
«ምን አለ?»
«የእናቱ በር ላይ ቁጥር ጻፉበት፤ ከዚያ ውጪ አሏት።»
ጥቂት ዝም አለ።
«በምን ቀለም?»

አላውቅም።
መልሰን ሰማነው፣ ሦስቴ። ልጁ ቀለሙን አይናገርም።
ለንደኖቹ አልጠየቁም። እኔም።
የእኛ ቀይ ነው፤
ድሮ አረንጓዴ በነበረ በር ላይ፣ መቶ አራት፣
ከአራቷ እግር ሥር ፈሶ፣ እስከ ደፉ ወርዶ ደርቋል።

ማክሰኞ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ዶዘሩ ጀመረ፤
ወጥ ምት አለው፤ ትንፋሹ ያልተሰበረ።
አንዱን ቤት መታ። ቀጥሎ ያለውን መታ።
ያለ አንዲት ስሕተት፣ ያለ አንዲት ይሉኝታ።
አራተኛዋ ሐያሲት ብትሰማው፣
ምን ብላ ትነቅፈው?

እትዬ ብዙነሽ ጣራቸውን ቀድመው አስነሥተው ሸጡት፤
«ቆርቆሮው እንኳ ይትረፈኝ» ብለው።
ማታ ፍራሻቸው ላይ ተንጋለው ተጣሩ
(ሥራዬ ገብቷቸው አያውቅም፤ ለሰው «ኮከብ ቆጣሪ ነው» ይሉኛል)፦
«ና እስቲ ቁጠርልኝ፤
እኔን አሥራ ሁለት ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ሌሊቱን ጻፍኩ። «ስብከት» የሚለውን ሰረዝኩ።
«ቤት አይመታም» የሚለውን ሰረዝኩ፤ መልሼ ጻፍኩት፤
እውነት ነዋ! እናቱ በር ጋ ሲደርስ ይንተባተባል፤
«አምስተኛው ላይ ቤት ጠፋበት» ብዬ አስተካከልኩት።
ወሰንየለህ የሙያ ቃል መስሎት አሳለፈው።
ሦስት ኮከብ ተኩል ሰጠሁ።
ያጎደልኳት ስለ ቀለሙ ነው፤ ያፌት እንዳጎደላት ይታወቅልኝ።

ቅዳሜ ወጣ። እትዬ ብዙነሽ አምስት ቅጂ ገዝተው ሲመጡ
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።
ብርጭቆዎቻቸውን በእኔ ዓምድ ጠቀለሉ፣
አንዱን በአርእስቱ፣ አንዱን በኮከቦቹ፤
ስድስተኛው በስፖርት ገጽ ተጠቀለለ።

አይሱዙው ሲነሣ ያፌት ከላይ ነበር፣ ፍራሹ ላይ፣
ማዳመጫዬን አድርጎ፣ ሽቦውን በጥፍሩ ቆንጥጦ።
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ
ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አልሰማሁም።